ቀልብሽ የት ነው?

የዛሬዋ ደብዳቤ የመጣችው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ረዘም ስለምትል ትንሽ አሳጥሬያታለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የ8 ዓመቱ ልጄ አስተማሪ ጠርታ ‹ጎበዝ ነው፣ ግን ወንበር ላይ አይረጋም› አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ኤዲኤችዲ (ቀልብን መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግርበት የአእምሮ እድገት ችግር) ነው ተባለ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ጥያቄውን ሲደረድር፣ ስለ ልጄ ሳይሆን ስለ እኔ የሚጠይቅ መሰለኝ።

የመብራት ካርድ መሙላት ረስቼ ስንት ቀን በሻማ አምሽተናል። ወጥ ጥጄ ልብስ ላሰጣ እወጣና መልሶ የሚጠራኝ ሽታው ነው። ታክሲ ውስጥ ነቅቼ ተቀምጬ መውረጃዬን አልፋለሁ። የእድር መዋጮ ገንዘቡ በእጄ እያለ ቅጣት እከፍላለሁ። ባለቤቴ ‹እያወራሁሽ ትሄጃለሽ› ይለኛል፤ እውነቱን ነው። መሥሪያ ቤት ወሩን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ ከርሜ፣ ግብር የማሳወቂያው ቀን ሊያልፍ ሁለት ሌሊት ሲቀረው ሁሉንም እጨርሳለሁ። ልጅ ሆኜ ‹ፈዛዛዋ› ነበር የምባለው።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነው። 33 ዓመቱ ነው፤ እስካሁን 7 ሥራ ቀይሯል። ከአለቃ ጋር ተጣልቶ በዚያው ይወጣል። አሁን በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ረጋ የሚለው ሲቅም ብቻ ነው። የልጄን ነገር ስነግረው ‹እኔም አለብኝ› ብሎ ሳቀና፣ ሰባት ዓይነት ነው የሚል ቪዲዮ ላከልኝ። ሐኪሙ ግን ሦስት ነው ያለን። እኔ በጭራሽ አልቅበጠበጥም። ታዲያ እንዲህ የተለያየን ሰዎች አንድ ችግር ሊኖርብን ይችላል? እኔስ የትኛዋ ነኝ? ወይስ ዝም ብዬ ሰነፍ ነኝ? እንዲመክሩኝ እለምንዎታለሁ።

ቀልቧ የጠፋባት፣ ከቱሉ ዲምቱ»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሰነፍ ሰው አውቃለሁ። ሰነፍ ሰው ሥራው ሳይሠራ ያድራል፣ እሱም ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ያድራል። አንቺ ግን ወሩን ሙሉ ከወረቀቱ ጋር ስትታገዪ ከርመሽ፣ ሌላው ሰው በቀን በቀኑ የሚጨርሰውን በሁለት ሌሊት እንቅልፍ ትከፍዪበታለሽ። ይህ ስንፍና ከሆነ እጅግ አድካሚ ስንፍና ነው።

በደብዳቤ ምርመራ አይሠራምና «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» አልልሽም። ለብዙ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ሐኪም ፊት ስትቀመጪ ምን እንደሚፈለግና ለምን እንደሚፈለግ ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

እናቶቻችን «ቀልብሽን ሰብስቢ» ይሉናል። ይህን አባባል እወደዋለሁ። ቀልብ እንደ በግ የሚበተን፣ እንደ በግ የሚሰበሰብ ነገር ነው ማለት ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ቀልብ የለውም ማለት አይደለም። በጎቹ ሞልተዋል። የሚያስቸግረው እረኛው ነው። በማይጥም ሥራ ላይ እንዲቆዩ ሲፈልግ ይበተኑበታል። አንድ የሚጥማቸው ነገር ካገኙ ደግሞ ከዚያ የሚያነሳቸው የለም። አንቺም ጥልፍ ይሁን ተከታታይ ድራማ፣ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ የሚነጉድበት አንድ ነገር አይጠፋሽም። ሰዎች «ስትፈልጊማ ትችያለሽ!» የሚሉሽ ይህንን እያዩ ነው። ነገሩ የመፈለግና ያለመፈለግ ጉዳይ አይደለም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሥራ ለመጀመርና ላለማቋረጥ እነሱ ያስፈልጋሉ። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ አሠራራቸው ለየት ይላል። የግብሩ ቀን ሲደርስ ፍርሃቱ ይቀሰቅሳቸዋል፣ አንቺም ትሠሪያለሽ። ወሩን ሙሉ ስትጠብቂ የከረምሽው ፍርሃቱን ነበር።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንሂድ። ግራ ያጋባሽ ስሙ ነው፤ አንቺን ብቻም አይደለም ያጋባው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ላይ ስለነዚህ ልጆች ትምህርት ሲሰጥ፣ የዘረዘራቸው ልጆች አብዛኞቹ አልረጋ፣ አልታዘዝ ያሉ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሐኪም ዓይን የሚሮጠውን ልጅ ነበር የሚከተለው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 «ኤዲዲ» የሚል ስም ሲያወጣ መቅበጥበጥ ያለበትና የሌለበት ብሎ ለይቶት ነበር። በ1987 ስሙ ተቀይሮ ኤዲኤችዲ ሆነ። በመሃል የገባችው «ኤች» የመቅበጥበጡ ምልክት ናት። እሷ ናት እንዳንቺ ያሉትን ዝምተኞች «እኔንማ አይመለከተኝም» ያሰኘቻቸው። በ1994 ሐኪማችሁ የነገራችሁ ሦስቱ ዓይነቶች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የማኅበሩ የምርመራ መመሪያ ደግሞ «ዓይነት» ማለቱን ትቶ ሦስት «ገጽታዎች» ይላቸዋል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ ሰው በ8 ዓመቱ አንዱን ገጽታ፣ በ30 ዓመቱ ሌላውን ሊያሳይ ስለሚችል ነው።

የመጀመሪያው ቀልብ የሚበተንበት ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ረጋ ያሉ ናቸው፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ የረጉ ይመስላሉ። ዝርዝር ነገር ያመልጣቸዋል። ሲነገራቸው የሰሙ ይመስላሉ፣ ግን አልሰሙም። ሥራ ይጀምራሉ፤ የመጨረሻዋን ትንሽ ክፍል መጨረስ እንደ ተራራ ይከብዳቸዋል። ማሰብ የሚጠይቅ ረጅም ሥራ ሲመጣ ዙሪያውን ይዞሩታል፦ ጠረጴዛ ያጸዳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስልክ ይነካካሉ። ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ደረሰኝ ይጠፋባቸዋል። ቀጠሮ ይረሳሉ። መስኮት ላይ ያረፈች ወፍ ትወስዳቸዋለች። ወፍ ባትኖር የራሳቸው ሐሳብ ይወስዳቸዋል። መመሪያው እንዲህ ያሉ 9 ምልክቶች ይዘረዝራል። ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቢያንስ 6ቱ፣ ለአዋቂ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስንቱን እንደጻፍሽ ራስሽ ቁጠሪ። ይህ ገጽታ ክፉ ዕድሉ ከባለቤቱ በስተቀር ማንንም አለመረበሹ ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ጥቁር ሰሌዳውን እያየች የምታልም ልጅ ለአስተማሪ ጨዋ ናት። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ጨዋ ልጅን ለሐኪም የሚልክ የለም። ሴቶች ዘግይተው የሚታወቁበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ብዙ እናቶች ልክ እንዳንቺ በልጃቸው ምርመራ መሃል ነው ራሳቸውን የሚያገኙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንዲት አስተማሪ ወደነበርኩበት ክሊኒክ መጣች። እያለቀሰች «ለምንም የማልረባ ሰው ነኝ» አለች። ድብርት ብለን መዘገብን፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ተሻላትም። ከወራት በኋላ ተመልሳ «ሐዘኑስ ለቀቀኝ፣ ዕቃ መጣሉ ግን አልለቀቀኝም» አለች። ያኔ ነው ስለ ልጅነቷ የጠየቅናት። ድብርቱ እውነት ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ልብ የለሽም» ስትባል የኖረች ሴት ብትደበት ምን ይገርማል? እኔ የመጀመሪያ ቀን ልጠይቃት እችል ነበር። ዝምተኛ ስለነበረች አልመጣልኝም።

ሁለተኛው ገጽታ የመቅበጥበጥና የመቸኮል ነው። እሱም የራሱ 9 ምልክቶች አሉት። ልጅሽ ላይ በቀላሉ ይታያል፦ ይዘላል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። አዋቂ ላይ ግን መልኩን ይቀይራል። 33 ዓመት የሞላው ሰው ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር አይቆምም። ባንክ ቤት ተራ ይዞ ሦስት ሰው ሲቀረው ጥሎ ይወጣል። ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ እሱ ይጨርስለታል። ቅዳሜ ስልክ ገዝቶ ማክሰኞ ይሸጠዋል። ተናግሮ ሲያበቃ ነው የሚያስበው። ብዙዎች ሲበስሉ የውጭው እንቅስቃሴ ይቀንስላቸዋል፤ ወደ ውስጥ ይገባና ሰውነቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ውስጡ የሚሮጥበት ስሜት ይሆናል። «አርፌ መቀመጥ አልችልም፣ የሆነ ነገር ይገፋኛል» ይላሉ። ወንድምሽ ሞተር ላይ መሆኑ ለዚህ ነው ትንሽ ያሳሰበኝ። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች የመኪና አደጋ እንደሚበዛባቸው በጥናት ይታወቃል። ሄልሜቱን እንዳይረሳ ንገሪው። አንቺ ብትረሺ እንኳ ባለቤትሽ ይንገረው።

ሦስተኛው ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው። ሐኪም ቤት የሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ወንድምሽ ምናልባት እዚህ ይወድቅ ይሆናል። ዕቃ የት እንዳደረሰ፣ ከማን ስንት እንደተቀበለ ይጠፋው እንደሆነ አልነገርሽኝም።

ስለዚህ አዎ፣ ከአንድ እናት ማሕፀን የወጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ፈዛዛ አንዱ ቀዥቃዣ ተብለው አድገው፣ ሥሩ አንድ ሊሆን ይችላል። ኤዲኤችዲ በጣም በዘር የሚሄድ ነገር ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘረመል እንደሚመጣ ያሳያሉ። አንቺ፣ ወንድምሽ፣ ልጅሽ በአንድ ቤተሰብ መገኘታችሁ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ግን ሐኪሙ ጆሮውን የሚያቆምበት ነገር ነው።

ሰባት ዓይነት ስላለው ቪዲዮ። ይህን ክፍፍል ያወጡት ዳንኤል ኤመን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው። በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውርን የሚያሳይ ምስል እያነሱ ነው ዓይነቶቹን የለዩት። ሰዎች ይወዱታል፣ ምክንያቱም ጭንቀቱም፣ ብስጭቱም፣ ሐዘኑም የራሱ ሳጥን ተሰጥቶታል፤ ማንም ሰው አንዱ ውስጥ ራሱን አያጣም። የሕክምና መመሪያዎቹ ግን አልተቀበሉትም። ጭንቀትና ድብርት ከኤዲኤችዲ ጋር አብረው ሲገኙ እንደ ተጨማሪ ችግር ይታያሉ፣ በየራሳቸውም ይታከማሉ። ልብ በይ፦ ዛሬ ኤዲኤችዲን ለይቶ የሚያሳይ የጭንቅላት ምስልም ሆነ የደም ምርመራ የለም። «ጭንቅላትሽን አንስተን ዓይነትሽን እንነግርሻለን» የሚልሽ ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በታሪክ ነው፤ በሕይወት ታሪክሽ። እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የምልክቶቹን ዝርዝር አንብቦ «ይሄማ እኔ ነኝ» የሚለው ይህንን ስለሚዘለው ነው። እስቲ ቱሉ ዲምቱን አስቢያት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜል ሞልቶ፣ የልጆች ምሳ ዕቃ ቋጥሮ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዞ፣ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ቆሞ፣ ማታ 2 ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ወጥ ቢያሳርር ምን ይገርማል? ያ ድካም ነው። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ግማሹ ቀልቡ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ሐኪሙ የሚፈልገው ከዚህ በፊት የነበረውን ነው።

ስለዚህ ይጠይቅሻል፦ ይህ መቼ ጀመረ? ከ12 ዓመትሽ በፊት ምልክቶች መታየት ነበረባቸው። ከወለድሽ ወዲህ ወይም ወደ ኮንዶሚኒየሙ ከገባችሁ ወዲህ የመጣ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ነው የሚፈለገው። ቀጥሎ የት የት እንደሚታይ ይጠይቃል። ቤት ብቻ ከሆነ ወይም መሥሪያ ቤት ብቻ ከሆነ ያ ቦታ ነው የሚመረመረው፤ ኤዲኤችዲ ግን ተከትሎሽ ይሄዳል፣ ታክሲ ውስጥም እድር ላይም። ደግሞም ምን እንዳስከፈለሽ ማወቅ ይፈልጋል። ቁልፍ የማይጠፋበት ሰው የለም። በቁልፍ፣ በቅጣት፣ በዘገየ ሥራ የተነሳ ኑሮው የሚናጋ ሰው ግን ሌላ ነው።

ለዚህ የሚረዳሽ ማስረጃ ምናልባት እናትሽ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። የአንደኛ ደረጃ ሪፖርት ካርድሽ! ካለ ፈልጊው። ማርኩን ተይው፤ ከታች የክፍል ኃላፊዋ በእስክሪብቶ የጻፈችውን አንብቢ። «ጠባይ፦ ኤ። ጎበዝ ናት፣ ግን ክፍል ውስጥ ሐሳቧን አትሰበስብም» የሚል ካገኘሽ፣ ያ ወረቀት ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል።

ኤዲኤችዲ መስለው የሚመጡ ሌሎች ነገሮች ስላሉ ሐኪሙ እነሱንም ያያል። የደም ማነስ፣ በተለይ ወር አበባ ለሚበዛባት ሴት። የእንቅርት ዕጢ መዛባት። በቂ አለመተኛት፤ ወይም እያንኮራፉ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት እንቅልፍ። ድብርት፣ ጭንቀት፣ ያልሻረ የልብ ሐዘን። እነዚህ ሁሉ ቀልብ ይበትናሉ። አንዳንዶቹ በቀላል የደም ምርመራ ይለያሉና ቅር አትሰኚ፣ ተመርመሪ።

ጫቱን አልረሳሁትም። «ረጋ የሚለው ሲቅም ብቻ ነው» ያልሽው ነገር ገርሞኛል ብል ውሸቴን ነው፤ ብዙ ሰምቼዋለሁ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በአሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር ይቀራረባል። ለኤዲኤችዲ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ሰው ሁሉ መርቅኖ በወሬ ሲነድ ወንድምሽ ጸጥ ብሎ ሂሳቡን መሥራት ከጀመረ፣ ለሐኪም የሚነገር ፍንጭ ነው። ግን ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ሕክምና ደግሞ ፈጽሞ አይደለም። መጠኑ አይታወቅም፣ ምርቃናው ሲያልፍ ብስጭቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊት ያልተኛ ሰው በነጋታው ኤዲኤችዲ ባይኖርበትም ያለበት ይመስላል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ስንት ቀን እንደሚቅም ሳይደብቅ ይናገር። ሐኪሙ ሊቆጣው አይደለም የሚጠይቀው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀላል ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው የስድስት ጥያቄ ቅጽ አለ። አራቱ ጥያቄዎች ስለ ቀልብ ናቸው፦ ሥራ ሲገባደድ የመጨረሻዎቹን ጥቃቅን ነገሮች መጨረስ፣ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስያዝ፣ ቀጠሮ ማስታወስ፣ ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራን ማዘግየት። ሁለቱ ስለ መቅበጥበጥ ናቸው፦ ረጅም ጊዜ ሲቀመጡ እጅና እግር ማንቀሳቀስ፣ እና በሞተር እንደሚነዱ ሆኖ መሰማት። መልሱ «አለ ወይስ የለም» አይደለም፤ ባለፉት ስድስት ወራት ምን ያህል ጊዜ እንዳጋጠመሽ ነው። ሁለታችሁም ለየብቻ ሙሉት። አንቺ ከላይኞቹ አራት፣ እሱ ከታችኞቹ ሁለት ጋር የምትገናኙ ይመስለኛል፤ ልሳሳትም እችላለሁ። ቅጹ «ሐኪም ጋ ሂዱ» ወይም «ምናልባት ሌላ ነገር ፈልጉ» ከማለት አያልፍም።

የት እንሂድ ብትይ፣ በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ጻፉልን በሉ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው አጠቃላይ ሆስፒታሎች አሉ። መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ። አውቃለሁ፣ «አማኑኤል» የሚለው ስም ሰፈር ውስጥ ስድብ ሆኖ ያደገ ነው። እኔ ግን እዚያ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ብታዪ፣ ግማሹ የባንክ ሠራተኛና ተማሪ ይመስልሽ ነበር እልሻለሁ። የልጅሽን ሐኪም «አዋቂ የሚያይ ማንን ትጠቁመኛለህ?» ብለሽ መጠየቅም ያዋጣል። ታሪካችሁን ያውቀዋልና።

ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ መድኃኒት አንዱ መንገድ ነው። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው አነቃቂ አለ፤ አቶሞክሰቲን የሚባል አነቃቂ ያልሆነም አለ። ሁለቱም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም አይነኩም። የልብ ችግር ካለ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪ። እባክሽን የልጁን መድኃኒት «እስቲ ልሞክረው» ብለሽ እንዳትቀምሺ። ይህን የምለው የቀመሱ እናቶች ስላየሁ ነው። ሥራን ስለመቆራረስና ጊዜን ስለመያዝ የሚያስተምር የንግግር ሕክምናም አለ፤ ለአዋቂ በጣም ይረዳል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ጨለማ ውስጥ አትቀመጪ። ዋናው ነገር ለማስታወስ መታገሉን ትተሽ ነገሩ ራሱ እንዲያስታውስሽ ማድረግ ነው። የመብራት ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪው፤ በር ላይ፣ ከቁልፉ ጎን፣ በምስማር ስቀዪው። «ሲያልቅ እሞላለሁ» የሚል ሕግም ሰርዢ። ደሞዝ በገባበት ቀን፣ ያለውም ይኑር፣ ሙዪ። የእድሩን መዋጮ ከተቻለ የሦስት ወር አንድ ላይ ክፈዪ፤ ሰብሳቢው ደስ ነው የሚለው። ወጥ ጥደሽ ከቤት ስትወጪ ማማሰያውን ይዘሽ ውጪ። አትሳቂ። ልብስ ማስጫው ጋ ቆመሽ እጅሽ ላይ ማማሰያ ስታዪ ወጡ ትዝ ይልሻል። ታክሲ ስትገቢ ደግሞ መውረጃሽን ቀድመሽ ለረዳቱ ንገሪው፤ እሱ ይጮኽልሻል።

ለመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የሚሆን አንድ ዘዴ አለኝ። ብቻሽን አትሥሪው። አጠገብሽ የራሱን ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ይቀመጥ። ምንም አይርዳሽ፣ አይናገርሽ፣ ብቻ ይኑር። ለምን እንደሚሠራ በደንብ ማስረዳት ይከብደኛል፤ ግን ብዙ ሰው «እሷ ስትኖር እጄ ይፈታል» ይለኛል። ድሮስ ጥጥ ፈተላ ጎረቤት ተሰብስቦ አልነበር? የወሩን ደረሰኝ ደግሞ እስከ መጨረሻ አታቆዪው። በየሳምንቱ አርብ የምትሰጪው ሰው ፈልጊ፤ አለቃሽ ወይም የሥራ ባልደረባሽ «የዚህ ሳምንቱ የታለ?» ይበሉሽ። የሚያንቀሳቅስሽ ቀነ ገደብ ከሆነ፣ በወር አንዱን ትልቅ አራት ትናንሽ አድርጊው።

ባለቤትሽ «እያወራሁሽ ትሄጃለሽ» ሲል ቅሬታው አይገርመኝም። የማትሰሚው ስለናቅሽው ይመስለዋል። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ደግሞ ዋና ዋና ነገር ሲኖረው ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ልጆቹ ተኝተው ይንገርሽ፤ አንቺም የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪው። መጀመሪያ ላይ እንደ ፈተና ይሆንባችኋል፤ በኋላ ይለመዳል።

ለወንድምሽ «በሽታ አለብህ» አትበዪው፣ ይስቅብሻል። «እኔ ልመረመር ነው፣ ብቻዬን እፈራለሁ፣ አድርሰኝ» በዪው። ሞተር አለው፣ ከዚያም በላይ የእህቱን ነገር አይችልም። ወረፋ ሲጠብቅ ግን ይቁነጠነጣልና ጠዋት ተራ ያዢ።

የምትሄጂው ምናልባት በዚህ ሳምንት አይሆንም። እናትሽ ዘንድ ግን እሑድ መሄድ ትችያለሽ። «ልጅ ሆነን ችግር ነበረብን ወይ?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት፤ የትኛዋ እናት ናት አዎ የምትል? ቡና አስፈይና «እማዬ፣ ያኔ ሱቅ ስትልኪኝ ምን ይዤ ነበር የምመለሰው? እሱስ ስትልኪው?» በያት። እሷ ማውራት ስትጀምር አንቺ ወረቀት አውጪና ጻፊ። ሐኪሙ እያንዳንዷን ይፈልጋታል፣ አንቺ ደግሞ ቤት እስክትደርሺ ትረሺዋለሽ።